ነፋስ የደከመ ዕለት

የሚላግሮስን ፊት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ግን ሁልጊዜ ከመኪና መስኮት ጀርባ ነበር። ድምፅዋን የሰማሁት ሃያ አራት ዓመት ከሞላኝ በኋላ፣ በመገናኛ ሬዲዮ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ፊቷን ረሳሁት፤ ድምፅዋ ብቻ ቀረኝ።

አባቷ ዶን ኤቫሪስቶ ናቸው። ከባሕር ዳሯ ከተማ ከታሪፋ በላይ ያሉት ኮረብቶች፣ ሃያ ሁለቱ የነፋስ ተርባይኖች የቆሙበት መሬት፣ ከሥራቸው የሚግጡት ቀያይ ላሞች፣ ሁሉም የእሳቸው ነው። አባቴ ቤርናቤ ደግሞ እነዚያን ላሞች ሃያ ዓመት ጠብቆላቸዋል። እኔም ስድስተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ከአባቴ ጋር ላሞቹን ያዝኩ። ላም ስትጠብቅ የምታየው ሰማይ ነው፤ ሌላ ምን አለ? ስለዚህ ተርባይኖቹ ሲተከሉና ወፍ የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ፣ ኮረብታ ሁለት ላይ እኔን አስቀመጡኝ።

ሥራዬ ማየት ነው። ጆፌ አሞራዎች ከገደሉ ተነሥተው ወደ ተርባይኖቹ ሲቀርቡ በሬዲዮ እናገራለሁ። ሚላግሮስ ከመቆጣጠሪያው ክፍል ተርባይኑን ታቆማለች። ወፎቹ ሲያልፉ «ልቀቂ» እላለሁ፤ ትለቃለች። ሁለት ደቂቃ፣ ቢበዛ ሦስት።

«አራትን አቁሚ።»

«አራት ቆሟል። ምን አለ?»

«ጆፌ፣ ሁለት፣ ዝቅ ብለው።»

«ይለፉ።»

ይኸው ነው። ነገር ግን «ይለፉ» የሚለው ቃል በደንቡ ውስጥ የለም። ከራሷ የጨመረችው ነው፤ ኮረብታ አንድ ላይ ለሚቀመጠው ለአጎት ሲፕሪያኖ ደግሞ ብላው አታውቅም። ጠይቄ አረጋግጫለሁ። በዚያች ቃል ነበር ውዬ የማድረው።

የዕለቱን መዝገብ አመሻሹ ላይ መኪና ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል ይወስደዋል፤ ጠዋት ይመልሰዋል። በመጨረሻው ዓምድ ላይ ስለ አየሩ አስተያየት ይጻፋል። አንድ ቀን «ነፋስ ከምሥራቅ፣ ብርቱ» ብዬ በጻፍኩት ሥር በቀጭን ሰማያዊ ቀለም የተጻፈ አገኘሁ፦ «እዚህ መስኮት የለም። ብርቱ ነፋስ ምን ይመስላል?»

መልሱን ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ቃላቱ እንዳይሳሳቱብኝ እያንዳንዱን መጀመሪያ መዳፌ ላይ ሞከርኩት። በመጨረሻ «የተቆጣች አክስት ይመስላል፤ ሳታንኳኳ የምትገባ» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ከሥሩ «እኔም አለችኝ እንዲህ ያለች አክስት» የሚል መጣ። እንዲህ እያልን በጠባቧ ዓምድ ውስጥ ሰባት ወር ተጻጻፍን። ስለ ፍቅር አንድም ቃል አልተጻፈም። ስለ ነፋስ ግን ከእኛ በላይ የጻፈ ሰው ያለ አይመስለኝም።

በመስከረም ጎንሳሎ መጣ።

ከሳራጎሳ የመጣ መሐንዲስ ነው፤ ረጅም፣ ሲስቅ ጥርሱ ሁሉ የሚታይ። አሥራ ሁለተኛው ተርባይን ላይ ካሜራ ሰቀለ። ካሜራው ወፍ ሲያይ ማንንም ሳይጠይቅ ተርባይኑን ያቆማል ተባለ። እሱ ከሠራ ኮረብታ ላይ ሰው አያስፈልግም። እኔ ወደ ላሞቹ እመለሳለሁ፤ አጎት ሲፕሪያኖም ጡረታው አንድ ዓመት ሲቀረው ቤቱ ይገባል። ይህ ሁሉ ገብቶኛል። ነገር ግን ዓይኔን ተክቶ ቢሄድ ይህን ያህል አይከፋኝም ነበር። የከፋኝ የተቀመጠበት ወንበር ነው። ወንበሩ ከወንበሯ አጠገብ ነው።

«ሰባት ቆሟል» ትላለች፤ ከጀርባዋ የእሱ ሳቅ ይሰማል። «ሰባት ተለቋል» ትላለች፤ አሁንም ሳቅ። ምን ነበር የሚያስቀው? ሰባተኛው ተርባይን ምን የሚያስቅ ነገር አለው? «ይለፉ» የምትለውም ቀረ። የመዝገቡ ዓምድ ለአንድ ሳምንት ባዶውን መጣ። ከዚያ በኋላ «ሥራ በዝቶብኛል፣ ይቅርታ» የሚል ተጽፎ አገኘሁ። ያንን አስተያየት ያህል ደጋግሜ ያነበብኩት ነገር የለም። «ይቅርታ» የሚለው ለእኔ ሳይሆን ለሌላ ሰው የተጻፈ ይመስለኝ ነበር።

«አንተ ልጅ!» አለኝ አጎት ሲፕሪያኖ በሬዲዮ፣ ከኮረብታ አንድ። «እዚያ ማዶ የሚቃጠል ነገር አለ እንዴ?»

«ኧረ የለም፣ አጎቴ።»

«ጭስ ይታየኛል እኮ።»

«ምንም የለም አልኩ።»

«እንግዲያው የምትቃጠለው አንተ ነሃ!»

«መስመሩ ክፍት ነው! ሁሉም ይሰማል!»

«ይስማ! ስልሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ምን ያደርጉኛል? ይልቅ ስማኝ፤ ያ መሐንዲስ ዛሬ ሽቶ ተቀብቶ ነው በዚህ ያለፈው። ጆፌ እንደሆነ ሽቶ አይወድ። ለማን የተቀባ ይመስልሃል?»

ሬዲዮውን አስቀመጥኩት። ከታች ከመቆጣጠሪያው ክፍል ማንም «መስመሩን ልቀቁ» አላለም። ሰምታ ዝም ካለች አፈርኩ፤ ካልሰማች ደግሞ የት ሄዳ ነው? ሁለቱም እኩል አመመኝ።

*

ማክሰኞ ነፋሱ ደከመ።

የማያውቅ ሰው ወፍ የሚገድለው ብርቱ ነፋስ ይመስለዋል። ብርቱ ነፋስ ጆፌን ወደ ላይ አንሥቶ ያሳልፈዋል። የሚያስፈራው እንዲህ ያለው ቀን ነው። ነፋሱ ተርባይኖቹን ለማዞር ይበቃል፤ አልጋ የሚያህል ክንፍ ያለውን ወፍ ለማንሣት ግን አይበቃም። ጥቅምት ስለሆነ ደግሞ የዓመቱ ጫጩቶች ባሕሩን ተሻግረው ወደ አፍሪካ ለመሄድ ከየገደሉ ተሰብስበዋል። ከፍ ማለት አቅቷቸው በተርባይኖቹ ክንፍ ቁመት ይዞራሉ፣ ይዞራሉ። በእንዲህ ያለ ቀን ሁለት ዓይን አይበቃም።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነጭ መኪና መጥታ አሥራ ሁለተኛው ተርባይን ሥር ቆመች። በአንዱ በር ጎንሳሎ ወረደ። በሌላው ሚላግሮስ።

በሥራ ሰዓት ከመቆጣጠሪያው ክፍል ወጥታ አታውቅም። ሌላ ሰው ተክታ መምጣቷ ነው። ለእሱ ሰው ተክታ!

የርቀት መነጽሬን ወደ ታች አዞርኩት። ለአንድ አፍታ ብቻ ነው አልኩ ለራሴ።

ጃኬቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣለላት። ነፋሱ በደከመበት ቀን ጃኬት! ከቦርሳው ወረቀት አውጥቶ ሰጣት። አነበበች። እጇን አፏ ላይ ጫነች። እንደገና አነበበች። ከዚያ ዘላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

አራት ሰከንድ ነው የቆየችው። ቆጥሬያለሁ። ሰው አራት ሰከንድ ሙሉ ታቅፎ ምን ያስባል? የቀለበት ወረቀት ይሆን? የጉዞ ትኬት ይሆን? ሳራጎሳ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ይህን ሁሉ በአራት ሰከንድ ውስጥ አሰብኩት።

ድምፁን የሰማሁት ያኔ ነው። ወፍራም ብርድ ልብስ ግድግዳ ላይ ሲመታ እንደሚሰማው ያለ፣ አንድ ጊዜ ብቻ።

ቀና ስል አሥራ አንደኛው ተርባይን አጠገብ ላባ ይንሳፈፋል። ከላባው ሥር ትልቅ ቡናማ ነገር በአንድ ክንፉ አየሩን እየመታ ይወድቃል። ጆፌ ሲበር ወደ መሬት ነው የሚያየው፤ ፊት ለፊቱን አያይም። ለዚህ ነው እኛን ኮረብታ ላይ ያስቀመጡን። ወፏ ወደ ታች ስታይ ነበር፤ እኔም ወደ ታች ሳይ ነበር።

ሚላግሮስ ሮጠች። ጃኬቱን ከትከሻዋ ገፍፋ ወፏን ሸፈነቻት፤ ሣሩ ላይ ተቀምጣ ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አደረገችላት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ በዚያች ወፍ ቀናሁ። ክንፏ ተሰብሮ፣ ደሟ እየፈሰሰ፣ እኔ ግን በእሷ ቀናሁ።

ከዚያ ሚላግሮስ ፊቷን ቀና አድርጋ ወደ ኮረብታዬ አየች። ከዚያ ርቀት እኔ ለእሷ ነጥብ ነኝ። በመነጽሬ ውስጥ ግን ዓይኖቿ ዓይኔ ውስጥ ገቡ። ሰባት ወር ሙሉ እንዲህ ቀርቤ ላያት ስመኝ ኖሬ ነበር። አሁን ግን ኮረብታው ከነእኔ ቢደረመስ ደስ ባለኝ።

*

ደንብ አለን። ወፍ በተመታ በአንድ ሰዓት ውስጥ መቆጣጠሪያው ክፍል የኮረብታውን ሰው ሰባት ጥያቄ ይጠይቀዋል። በሬዲዮ፣ በክፍት መስመር፣ ሁሉም እየሰማ። መልሱ ቃል በቃል ይመዘገባል፤ ያልጠራ መልስ ይደገማል።

ከዚያ በፊት ሞባይሌ ጮኸ። አጎት ሲፕሪያኖ ነው፤ እንዲህ አንሾካሹኮ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

«ልጄ፣ ስድስተኛው ጥያቄ ጋ ስትደርስ ፀሐይ ዓይኔ ገባች በል።»

«ፀሐይ ከኋላዬ ነበረች፣ አጎቴ።»

«እኔ በዝናብ ቀን ፀሐይ ብያለሁ! ማን ጠየቀኝ? ፀሐይ ከሆነ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ይዘጋል። ዓይንህ ሌላ ቦታ ነበር ካልክ ግን ያ ካሜራ ነገ ሃያ ሁለቱም ላይ ይሰቀላል። ጅል አትሁን። ስትወድቅ ብቻህን አትወድቅም።»

መልስ ሳልሰጠው ሬዲዮው ተናገረ።

«ኮረብታ ሁለት፣ መቆጣጠሪያ ነኝ።» እሷ ናት፤ ወደ ክፍሏ ተመልሳለች። ስሜን አልጠራችም።

ሰዓቱን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ነፋሱን፣ የወፏን ዓይነት፣ የተርባይኑን ቁጥር፣ ከፍታውን። ድምፅዋ የማንም ሰው ድምፅ አይመስልም ነበር፤ እንደ በረዶ ውኃ የቀዘቀዘ።

«ጥያቄ ስድስት። ተመልካቹ በዚያች ደቂቃ ምን እያየ ነበር?»

የሬዲዮውን ቁልፍ ተጫንኩና መልሼ ለቀቅኩት።

«ኮረብታ ሁለት፣ ይሰማል?»

«ይሰማል።»

«መልስ።»

ጨዋ ስለሆንኩ እውነቱን ተናገርኩ ብል እዋሻለሁ። እውነቱን የተናገርኩት ጎንሳሎ አጠገቧ መቀመጡን ስለማውቅ ነው። እሱ እንዲሰማ ነው የፈለግኩት። ሌላ የምሰጣት ነገር አልነበረኝም፤ ይህችን ደግሞ እሱ ሊሰጣት አይችልም።

«አንቺን» አልኩ።

«መልሱ ይደገም።»

«አንቺን እያየሁ ነበር። ሚላግሮስን። አሥራ ሁለተኛው ተርባይን ሥር።»

እስክሪብቶዋ ወረቀቱን ሲፍቅ ሰማሁ። ቀስ ብላ ነው የጻፈችው።

«ጥያቄ ሰባት። ምክንያት?»

«ቅናት።»

«ማነው ይህ ሰው?» የሚል ጎርናና ድምፅ መስመሩ ውስጥ ገባ። ዶን ኤቫሪስቶ ናቸው፤ በመኪናቸው ውስጥ ሬዲዮ እንዳለ ረስቼው ነበር። «ማነው አልኩ እኮ!»

«አባዬ፣ መስመሩን ልቀቅ። ምዝገባ ላይ ነኝ።»

«የቤርናቤ ልጅ ነው፣ ዶን ኤቫሪስቶ!» አለ አጎት ሲፕሪያኖ። «አባትየው ላሞችዎን ሃያ ዓመት ጠበቀ። ልጅየው ከላም ከፍ ብሏል!»

«ሲፕሪያኖ፣ አንተን ደግሞ...»

«ምዝገባው ተፈጽሟል» አለች ሚላግሮስ። «መስመሩ ተዘግቷል።» «ተዘግቷል» የምትለው ቃል መሐሏ ላይ ተሰበረች። የተሰበረችው በንዴት ይሁን በሌላ ነገር ማወቅ አልቻልኩም፤ እስከ አመሻሹ ድረስ ያቺን ስባሪ ብቻ ስሰማ ዋልኩ።

*

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ሚላግሮስ በእግሯ መጣች። መንገዱ ኮረብታው ወገብ ላይ ያልቃል፤ የቀረውን በድንጋዩ ላይ ወጥታ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ፊቴ ቆመች። እጅጌዋ ላይ ደም ደርቋል። ድንኳኔንና ወንበሬን፣ ዳቦ የጠቀለልኩበትን ጨርቅ ሁሉ በአንድ ጊዜ አየችው። ይህን ያህል የደኸየሁ መሆኔን እስከዚያች ደቂቃ አላውቅም ነበር።

«ወፏ ትተርፋለች» አለች። «ክንፏን ግን ሐኪሞቹ ቆርጠውታል። አትበርም።»

አንገቴን ደፋሁ።

«ቀና በልና ይህን አንብብ።»

ወረቀቱ ነው። ያ ወረቀት። ቀለበትም ትኬትም አልነበረበትም። ሁለት መስመር ነው ያነበብኩት። «ካሜራ፦ ከዘጠና ወፎች ያላያቸው ሠላሳ አንድ። ኮረብታ ሁለት፦ ያላየው ዜሮ።» ከሥሩ የጎንሳሎ ፊርማ አለ።

«ሦስት ሳምንት አጠገቡ ተቀምጬ የካሜራውን ስህተት አንድ በአንድ ስቆጥርበት ነበር» አለች። «መጀመሪያ ሳቀብኝ። ሳቁን ሰምተሃል መቼም። ከዚያ ሳቁ ቀረና አብሮኝ መቁጠር ጀመረ። ዛሬ በገዛ ማሽኑ ላይ ፈረመ። ያቀፍኩት ለዚህ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እስኪፈርም ለማንም እንዳልናገር አስምሎኝ! መዝገቡን ደግሞ መንደሩ ሁሉ ነው የሚያነበው። ዜሮ ነበር እኮ፣ ሌያንድሮ። ዜሮ! ለዚያች ዜሮ ነው የዘለልኩት፤ አንተ ደግሞ በዚያችው ደቂቃ አጠፋሃት።»

ያ ክፉ ቅናት ግን ገና ውስጤ ነበር፤ አፌን ከፍቶ ወጣ።

«ይወድሻል?»

«ይሆናል። አልጠየቅኩትም።»

«አንቺስ?»

«አሁንም!» አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። «አሁንም እሱን ነው የምትጠይቀኝ? ሥራህን ማጣትህ አይደለም ያናደደኝ። ሰባት ወር ስለ ደመና ጻፍክልኝ። ስለ ምሥራቅ ነፋስ፣ ስለ ምዕራብ ነፋስ። መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ሰማዩን ሁሉ በአንተ አወቅሁ። ግን አንድ ቀን 'ልምጣ' ብለህ አልጻፍክም። 'ነይ' አላልክም። ከኮረብታ ላይ ተደብቀህ በመነጽር ታየኛለህ። እኔ ጆፌ ነኝ እንዴ?»

«አንቺ የዶን ኤቫሪስቶ ልጅ ነሽ።»

«እሱን እኔም አውቃለሁ! ከተወለድኩ ጀምሮ ነግረውኛል!»

ሳላስበው ሳቅ አመለጠኝ። እሷም ልትስቅ ብላ በእጇ ጀርባ አፍንጫዋን ጠረገች።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«አባዬ? 'ቤርናቤ ውሸት አያውቅም ነበር' አለና በሩን ዘግቶ ወጣ። ምን ማለቱ እንደሆነ እኔም አልገባኝም።» ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ አጠፈችው። «መልስህን እንዳለ ነው የጻፍኩት። አንዲት ፊደል አልቀነስኩም። ነገ ጠዋት ሌላ ሰው እዚህ ይቀመጣል፤ ጉዳዩ ይጣራል። ሊመልሱህም ላይመልሱህም ይችላሉ። እስከ ነገ ግን ኮረብታው የአንተ ነው።»

ላጣት እንደምችል ያኔ ነው በደንብ የገባኝ። ጎንሳሎ ወስዶብኝ አይደለም፤ በራሴ ዝምታ ነው የማጣት።

«ሚላ» አልኩ። እንዲህ ብዬ ጠርቻት አላውቅም። «እኔ አንቺን...»

በትከሻዋ ላይ አሻግሬ አየኋቸው። ሦስት ናቸው። ከገደሉ ወጥተው፣ በደከመው ነፋስ ላይ እየተንገዳገዱ፣ በቀጥታ ወደ አሥራ አምስት።

ሬዲዮውን አነሣሁ። «አሥራ አምስትን አቁሙ።»

«አሥራ አምስት ቆሟል። ምን አለ?» ሲል የመለሰልኝ ጎንሳሎ ነው። በወንበሯ ላይ ተቀምጧል። ልቤን አንድ ነገር ወጋኝ፤ ግን ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም።

«ጆፌ፣ ሦስት፣ በጣም ዝቅ ብለው።»

ከማዶ የአሥራ አምስተኛው ክንፎች መዘግየት ጀመሩ። እየከበዱ፣ እየከበዱ ሄደው ቀጥ አሉ።

«እንዲህ ነው የሚቆመው?» አለች በቀስታ። «እኔ ጋ ቁጥሩ ቀይ ሲሆን ብቻ ነው የማየው።»

መጥታ አጠገቤ ቆመች። ትከሻዋ ክንዴን ነካው። በሕይወቴ እንዲህ ቀርባኝ አታውቅም። ፊቷን ለማየት፣ እያለቀሰች ይሁን ወይም ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል እያየች ለማወቅ፣ አንገቴ በራሱ ሊዞር ፈለገ። አንደኛዋ ወፍ አለፈች። ሁለተኛዋም ተከተለች። ሦስተኛዋ ግን ትንሽ ናት፤ የዘንድሮ ጫጩት ሳትሆን አትቀርም። በቆመው ክንፍ አጠገብ መነሣት አቅቷት ትዞራለች።

ሚላግሮስ ክንዴን ያዘችኝ።

«ወደ እኔ አትይ» አለች። «እዚሁ ነኝ።»

ሦስተኛዋ ገና አላለፈችም ነበር። ዓይኔን ከወፏ አልነቀልኩም፤ ሚላግሮስን አላየኋትም።